ዑስማን ገመዱና የአባቴ ፔጆ

ዑስማን መሞቱን የሰማሁት መኪና ሥር ተኝቼ ነው። ጎረቤቴ ጎማ ጠጋኙ አጠገቤ ቁጢጥ አለና፣ "በቀለ፣ ሰማህ አቦ? ዑስማን ገመዱ አረፈ። ከዙሁር ሶላት በኋላ ይቀበራል" አለኝ። በእጄ ቡሎን ይዤ ነበር። ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ነገር ሐዘን አልነበረም። "እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ድሬዳዋ ውስጥ ከእኔ በላይ መካኒክ የለም" የሚል ሐሳብ ነው የመጣብኝ። ቡሎኑን አጥብቄ ጨረስኩ። ተንፏቅቄ ከወጣሁ በኋላ ግን እዚያው መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ።

ስለ ዑስማን ሳወራ ከቅናቴ ካልጀመርኩ መዋሸት ይሆናል። ሌላው በሰው ሀብት ይቀናል፣ በሰው ሚስት ይቀናል፣ በዚያ በደርግ ዘመን ደግሞ በሰው ሹመት የሚቀናም ሞልቶ ነበር። እኔ የቀናሁት በአንድ ሽርጥ ለባሽ መካኒክ እጅ ነው። መዳፉን መኪና ላይ ሲያሳርፍ ባየሁ ቁጥር የራሴን መዳፍ ገልብጬ አየው ነበር።

የእኔ ጋራዥ ከዚራ ሰፈር ነው። የብረት በር አለው፣ ሞርሳ አለው፣ ግድግዳው ላይ በመስታወት የተለበደ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ሰርተፊኬት አለው። ዑስማን የሚሠራው ደግሞ የደቻቱን ደረቅ ወንዝ አሸዋ ተሻግሮ መጋላ ሰፈር፣ አንድ የኒም ዛፍ ሥር ነበር። በር የለው፣ ግድግዳ የለው። ሙያውን የተማረው ጅቡቲ፣ የአንድ ፈረንሳዊ ጋራዥ ወለል ሲጠርግ ነው። እንግዲህ ፍርዱን እናንተ ስጡ፤ ደንበኞቼ ሞተራቸውን ለእኔ ይሰጡኝና ሞላና አሞርዛተር ሲሆን ወንዙን ተሻግረው ወደ እሱ ይሄዱ ነበር። ሞላ የመኪናዋን ክብደት የሚሸከመው ጥምዝምዙ ብረት ነው። አሞርዛተር ደግሞ ጎማው ጉድጓድ ገብቶ ሲወጣ መኪናዋ እንደ ፍየል እንዳትዘል ይዞ የሚያበርዳት፣ ዘይት የተሞላ ቱቦ ነው። ዑስማን ሁለቱን ሲያስረዳ፣ "ሞላ ይቆጣል፣ አሞርዛተር ያስታርቃል። ሽማግሌ ከሌለ ቤት ይፈርሳል አቦ" ይል ነበር። እኔ በትምህርት ቤት ሁለት ወር የተማርኩትን እሱ በዚህች አባባል ጨረሰው።

ያን ጊዜ መለዋወጫ እንደ ልብ አይገኝም። የሚገኘው ከጅቡቲ በባቡር፣ በጆንያ ሥር ተደብቆ፣ ከፊናንስ ፖሊስ ዓይን ያመለጠው ብቻ ነው። ስለዚህ ሁላችንም የምንሠራው ከወዳደቀ መኪና በፈታነው ነበር። ያው ብረት፣ ያው ዘይት። ልዩነቱ እሱ ጋ ሲደርስ ሌላ ነገር መሆኑ ነው፤ እኔን ያንገበገበኝም ይኸው ነው።

አሠራሩ ሰው ያስቃል። መኪና ይዘህ ስትሄድ መጀመሪያ መከላከያዋን በመዳፉ አንድ ጊዜ ጫን ያደርግና "አካም ጅርታ?" ብሎ በኦሮምኛ ደህንነቷን ይጠይቃታል። ጆሮውን ጣል አድርጎ ይሰማል። ከዚያ ወደ አንተ ዞሮ፣ "ማን ማን ነው የሚቀመጥባት?" ይልሃል። መልስ ብቻ አይበቃውም። ሰዎቹ ራሳቸው መምጣት አለባቸው። ሚስት፣ ልጆች፣ አማት፣ የሚጫን ነገር ካለም እሱ፣ ሁሉም በየቦታቸው ይቀመጣሉ። እነሱ ተቀምጠው ሳለ የቃጫ ገመዱን ያወጣና ከጎማው መሐል በላዩ እስካለው የጭቃ መከላከያ ጠርዝ ለክቶ፣ መኪናዋ እንድትቆምለት በሚፈልገው ከፍታ ላይ ቋጠሮ ይቋጥራል። ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ ገመድ አለው። መለያ እንዲሆን ቁራጭ ጨርቅ ያስርበትና ዛፉ ላይ ያንጠለጥለዋል። መሠረተ ትምህርት ገብቶ ፊደል ከቆጠረ በኋላም ገመዱን አልተወም፤ ገመዱ የሚለው ቅጽልም የወጣለት ከዚህ ነው። "ባዶ መኪና የማንም አይደለችም" ይላል።

አንድ ቀን አንድ ባለሥልጣን ፊያት 124 ይዞ መጣ። እኔ ከዛፉ ማዶ ካለው ሻይ ቤት ተቀምጬ ነበር። ለምን እንደተቀመጥኩ አትጠይቁኝ፤ ሻይ ከዚራም ነበረ። ሰውየው መኪናዋ ዝቅ ብላ መሬት መሬት እንድትል ፈልጓል፤ ያን ጊዜ የጎረምሳው ሁሉ ወግ እሱ ነበር። ዑስማን እንደ ልማዱ ጠየቀ።

"ማን ማን ነው የሚቀመጥባት?"

"ብቻዬን ነኝ።"

"ይህስ?" አለ ዑስማን፣ ከኋላ ወደቆመው ጠባቂ በአገጩ እያሳየ።

"እሱ ጠባቂዬ ነው።"

"ይግባ። ክላሹንም ይዞ ይግባ። መኪናዋ ክላሹንም ነው የምትሸከመው አቦ።"

በዚያ ዘመን በክላሽ ቀልዶ ቤቱ የማይገባ ሰው ነበር። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ውስጤ የሆነ ቦታ "አሁን አለቀለት" የሚል ደስታ ብልጭ ብሎብኛል። ባለሥልጣኑ ግን ትንሽ አፍጥጦ አየውና በሳቅ ፈረሰ። ጠባቂውም ክላሹን በጉልበቱ መሐል ይዞ እንደ ሙሽራ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ፣ ዑስማንም ቋጠሮውን ቋጠረ። ሻዬን ሳልጨርስ ተነስቼ ሄድኩ።

ዑስማን ግን እንደምቀናበት ያውቅ ነበር። ሻይ ቤት ሲያየኝ እጁን ያነሳና፣ "በቄ! ምቀኛ አታሳጣኝ ብዬ ዱዓ አድርጌ ነበር፣ አላህ ሰማኝ ወላሂ!" ይለኛል። ሰው ይስቃል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ግን እንደ ጠላት ቢያየኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ወደ አባቴ ልምጣ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ባቡር ነድቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ለእሱ በሐዲድ የማይሄድ ነገር ሁሉ ጨዋታ ነው፣ የእኔንም ሙያ ጨዋታ ነበር የሚያደርገው። አንድም ቀን "ጎበዝ" ብሎኝ አያውቅም። በሥራ ላይ ሳለ ከባቡሩ መወጣጫ ብረት ወድቆ የቀኝ ዳሌውን ተሰብሮ ነበርና፣ ካረጀ በኋላ ሕመሙ ጠናበት። በየአሥራ አምስት ቀኑ ሐረር ለሕክምና ይሄዳል። የምንወስደው በፔጆ 404 ነው። መኪናዋን የገዛናት ከአንድ የሐረማያ አትክልት ነጋዴ ነው፤ ሰውየው ድንችና ሽንኩርት ለመጫን ወፋፍራም ሞላ አስገብቶባት ስለነበር ከመሬት ተነስታ ነው የምትቆመው። አባቴ በራሱ መግባት አይችልም። እኔና እህቴ በብብቱ ይዘን እናነሳዋለን። ያ ግዙፍ ሰው ሁልጊዜ ፊቱን ወደ ሌላ ያዞርና "ልጅ አደረጋችሁኝ" ይላል።

"ዑስማን ቢያያት" አለ አባቴ አንድ ቀን።

"እኔ እያለሁ?" አልኩ።

"አንተማ አለህ" አለኝ።

ያቺ "አንተማ አለህ" እንቅልፍ ነሳችኝ። አባቴ በገዛ እግሩ እንዲገባና እንዲወርድ፣ ይህን ያደረግሁትም እኔ መሆኔን እንዲያውቅ ፈለግሁ። ከዚያ ሌላ በዚህ ዓለም የምፈልገው ነገር አልነበረም።

ዛፉ ላይ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ገመድ የአንድ ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ሐጂ እንደሆነ አውቃለሁ። የሐጂው መኪና እንደኛው ፔጆ 404 ናት፣ ከተማው ሁሉ ስትሄድ ቆሞ የሚያያት። አንድ ዓርብ ዑስማን ለጁምዓ መስጊድ ሲሄድ ጠብቄ ዛፉ ሥር ገባሁና የራሴን ሲባጎ ከቀዩ ገመድ ጋር አስተያየሁ። በቋጠሮው ልክ ቆርጬ ኪሴ ከተትኩት። የሰረቅሁት ዕቃ አይደለም፣ ልክ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ጋራዤ ገብቼ የአባቴን መኪና ሞላዎች አወጣሁና ሲባጎው ጋ እስክትደርስ አንድ ዙር ተኩል ቆረጥኩ። ባዶዋን ስትቆም ታምራለች። እጄን አጣምሬ እያየኋት "አየህ? ገመድ ብቻ ነው" አልኩ። ያ ቋጠሮ የተቋጠረው ሐጂው፣ ሁለት ሚስቶቹና አንድ ጥቅል ጨርቅ መኪናዋ ውስጥ ሳሉ መሆኑን ጨርሶ አላሰብኩትም። እነሱን ተሸክማ በምትቆምበት ከፍታ ላይ እኔ ባዶዋን አቆምኳት። ሞላ ሲቆረጥ ማጠሩ ብቻ ሳይሆን እንደሚጠነክርም በትምህርት ቤት ተፈትኜ አልፌበታለሁ። ቅናት የተማሩትንም ያስረሳል።

በቀጠሮው ቀን አባቴ በሩን ከፍቶ በራሱ ገባ። ፈገግ ብሎ ነበር። እናቴ ከአጠገቡ ከነስንቋ፣ እህቴ ከፊት ተቀመጡ። ወደ ሐረር በሚያወጣው ደንገጎ ዳገት ላይ የመጀመሪያው ጉድጓድ ሲያገኘን መኪናዋ በሆዷ ብረት ከብረት "ቋ!" አለች። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንደዚያው። አባቴን በመስታወቱ አየሁት፤ የነጠላውን ጫፍ ነክሷል። ከሐረር ተመልሰን ሦስት ቀን አልጋ ላይ ዋለ። በአራተኛው ቀን ጠራኝና፣ "የመኪናዋ ነገር ይቅር። ለሚቀጥለው በአውቶቡስ እሄዳለሁ" አለኝ። በአውቶቡስ ማለት ያ ኩሩ ሰው በማያውቀው ሰው ሁሉ ፊት ተይዞ ይነሳል ማለት ነው። ቢሰድበኝ ይሻል ነበር።

ቀጠሮው ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው ፔጆዋን ይዤ ደቻቱን ተሻገርኩ። ቀትር ነው፣ በዚያ ሙቀት ከተማው ሁሉ ጥላ ፍለጋ ገብቷል። ዑስማን ብቻውን ነበር። መኪናዋን "አካም ጅርታ?" አላት፣ ተጫናት። ጎንበስ ብሎ ሞላዎቹን አየ። ከዚያ ብድግ ብሎ ቀዩን ገመድ ከዛፉ አወረደና ጎማዋ ላይ ለካ። ልክክ አለ።

መሬት ብትዋጠኝ በወደድኩ።

"ይህ የሐጂ ልክ ነው" አለ፣ ድምፁን ሳይለውጥ። "አባትህ ሐጂ አይደለም አቦ።"

"ዑስማን፣ እኔ..."

"ዝም በል። አባትህ ምን ያህል ይከብዳል?"

አላውቅም አልኩ።

"ሲቀመጥ በየትኛው ጎኑ ነው የሚደገፈው?"

እሱንም አላውቅም።

"በግራው ነው" አለ። "ቀፊራ ገበያ ድንች ሲመርጥ አየሁት፣ ግራ እግሩ ላይ ነው የሚቆመው። ቀኙን ያሳርፈዋል። ሲቀመጥም ያው ነው።" አባቴን "አንቱ" አለማለቱ ንቀት አልነበረም፣ አብዛኛው የድሬ ሰው ለትልቁም ለትንሹም "አንተ" ነው የሚለው። ግን በዚያች ሰዓት የአባቴን ዳሌ ከእኔ ከልጁ ይልቅ እሱ ማወቁ፣ ልክ ከመስረቄ ይልቅ አሳፈረኝ። ቅናቴም አልበረደም፣ እንዲያውም ባሰ።

አባትህ ይምጣ አለኝ። አባቴ እንዲያውቅ አልፈልግም ብዬ ለመንኩት። ጭንቅላቱን አከከ፣ ወደ ቤቱ ዞረና ጮኸ።

"ፋጡማ! ነይ፣ አባቱን ሁኚ!"

ሚስቱ ፋጡማ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣች። የኋላ ወንበር ላይ አስቀመጣትና ልክ አይደለም ብሎ ግማሽ ጆንያ ማሽላ አሳቀፋት። "ወደ ግራ ዘንበል በይ። እንደሱ አይደለም፣ እንዳመመው ሰው!" ፋጡማ እየሳቀች ዘንበል አለች። "ጉድ ነው! እኔ ደግሞ ዛሬ ጺም አወጣለሁ" አለች። ለእናቴ ጎረቤት ተጠራች። እህቴንም ሌላ ጎረቤት ሆነች። እኔ መሪ ያዝኩ። ዑስማንም አዲስ ገመድ አውጥቶ ቋጠሮውን ቋጠረ።

እኔ የቆረጥኳቸውን ወፋፍራም ሞላዎች አውጥቶ ጣላቸው። ከአንድ ከተገለበጠች ፔጆ የፈታቸውን፣ ሽቦአቸው ቀጠን ያለ ሙሉ ሞላዎች አስገባ። "ሳትቆርጠው በልስላሴው ዝቅ ይበል" አለኝ። "የተቆረጠ ሞላ ቂመኛ ነው።" ለአሞርዛተሩ ደግሞ ስድስት አሮጌዎች ከጆንያ አወጣ። ከእንስራ በተቀዳ ቀዝቃዛ ውሃ ነክሮ አቆያቸው። ለምን ብዬ ጠየቅሁት።

"እዚህ በሙቀቱ ዘይቱ ይቀጥናል፣ ሁሉም ጥሩ ይመስልሃል። ደንገጎ ላይ ሲበርደው ይወፍራል። አባትህ የሚታመመው እዚህ ነው ወይስ እዚያ?"

አንድ በአንድ ከዛፉ ቅርንጫፍ አንጠለጠላቸው። ከታች ድንጋይ እያሰረ፣ ተስቦ እስኪወርድ ድረስ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይቆጥራል። ከስድስቱ የመረጣቸው ሁለቱ እኩል ቁጥር ላይ እስኪወርዱ ድረስ የአንዱን ዘይት ሦስት ጊዜ ቀየረ። ፀሐይ እያዘቀዘቀች ሳለ ሁላችንንም ጭኖ በባቡር ሐዲዱ መሻገሪያ፣ በደቻቱ አሸዋና ድንጋይ ላይ አመላለሰን። እኔ ስነዳ ራሱ ከፋጡማ አጠገብ ተጨናንቆ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀምጧል። ሐዲዱን ስናልፍ ማሽላው እንኳ ድምፅ አላሰማም።

ወርደን ስንቆም እጄን ያዘኝ።

"ይቺ መኪና ከአንተ ጋራዥ ነው የወጣችው" አለ። "እኔ አላየኋትም። ፋጡማም ጎረቤቶቹም አላዩአትም።"

"ለምን?"

"አባትህ የእኔን እጅ ምን ያደርግለታል? ልጁ አይደለሁም።"

እምቢ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም።

አባቴን አግባብቼ መኪናዋ ውስጥ አስገባሁት። ደንገጎን ወጣን፣ ሐረር ደረስን፣ ተመለስን። እቤት በር ላይ ስቆም ልደግፈው ተሯሯጥኩ። "ተወኝ" አለ። ግራ እግሩን መሬት አደረገ፣ በሩን ይዞ ቀና አለ፣ ቆመ። ግቢው ውስጥ ሰው ሁሉ ያየዋል። እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጎ፣ "እጅህ ይባረክ ልጄ። አሁን ሙያ ይዘሃል" አለኝ።

በሕይወቴ የጠበቅሁት ቃል ነበር። ሲመጣ ግን የእኔ አልነበረም። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላሉ፣ እኔ ያን ቀን ገባኝ። አባቴ ለዕድሩ አወራ፣ ለጡረተኛ ጓደኞቹ አወራ፣ ፔጆዋን አሳየ። እኔ መሬት መሬት እያየሁ ቆሜ ነበር፣ ሰው ትሕትና መሰለው። ለአባቴ ብነግረው ደስታውን እቀማዋለሁ፣ ባልነግረው ሌባ ነኝ። ሁለት ዓመት ኖሮ ሳይነገረው ሞተ። ዑስማንን አልወደድኩትም፣ አብልጬ ቀናሁበት። ድሮ የቀናሁት በእጁ ነው፣ ከዚያ በኋላ በልቡም ቀናሁበት። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ስለ መኪናዋ አንድም ጊዜ አንስቶ አያውቅም። ሲቀልድብኝ እንኳ ያንን አልነካውም።

የቀብሩ ዕለት መቃብሩ ድረስ ሄድኩ፣ ግን ከሰው ኋላ ቆሜ ተመለስኩ። በሦስተኛው ቀን ሐዘንተኞቹን ላጽናና፣ ለተዝያ መጋላ ሄድኩ። ወንዶቹ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ስለ ሥራው ያወራሉ። አንዱ የባለሥልጣኑን ፊያት አነሳ፣ ሌላው የራሱን ታክሲ። ሐጂው ከመሐል ተቀምጠው ነበርና ወደ እኔ ዞሩ።

"በቀለ፣ የአንተ አባት ፔጆ ግን የዑስማን አልነበረችም። ራሱ ነው የነገረኝ። 'ሐጂ፣ እንደዚያች አድርጌ እኔ ሠርቼ አላውቅም፣ የበቄ እጅ ነው' ብሎኛል።"

ሰው ሁሉ አየኝ። ዝም ብል አለቀ፤ የአባቴ ምርቃት ለዘላለም የእኔ ሆኖ ይቀራል፣ የሚያውቀው ሰው አፈር ገብቷል። ፋጡማና ጎረቤቶቿም እንደማይናገሩ አውቃለሁ።

"ውሸት ነው ሐጂ" አልኩ። "እኔ የእርስዎን ልክ ሰርቄ አበላሸኋት። የሠራት ዑስማን ነው። አባቴ እኔን የመረቀኝ በእሱ ሥራ ነው።"

ከዚያ አንድ ሽማግሌ ራሳቸውን ነቀነቁ። "አያችሁ?" አሉ። "ሰው እንደዚህ ነው ወንድሙን የሚሸኘው። የገዛ ሥራውን ለሟች ሰጠው።"

"አይደለም፣ እውነቴን ነው" አልኩ።

"እናውቃለን፣ እናውቃለን" አሉኝ ሐጂው፣ ጉልበቴን መታ መታ እያደረጉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። "ስትቀናበት ነው የኖርከው እያለ ሰው ያማህ ነበር። ዛሬ ሁላችንንም አሳፈርከን።"

አንዱ ሻይ አቀበለኝ፣ ሌላው ቦታ ለቆ ወደ መሐል እንድጠጋ አደረገኝ። ደግሜ ልናገር አፌን ስከፍት ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ጀመሩ። "ያ አላህ፣ ለዑስማን ጀነትን ስጠው። ለእኛም እንደ በቀለ ያለ ንጹሕ ልብ ስጠን" አሉ።

ሰዉ ሁሉ አሚን አለ። እኔም አሜን አልኩ።